እማዬ፣ ያንን ቤት አልገዛሁትም

ውድ እማዬ፣

እንደምን ሰንብተሻል? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ፎቶውን የላክሁልሽን ቤት ተውኩት። ለጎረቤቱ ሁሉ "ልጄ ባሕር ዳር ቤት ልትገዛ ነው" ብለሽ እንደነገርሽ አውቃለሁ። ደስታሽንም በስልክ ሰምቼዋለሁ። ስለዚህ በሁለት ቃል ከምነግርሽ ቁጭ ብዬ ልጻፍልሽ አልኩ።

መንደሯ ፓቮኔስ ትባላለች። ኮስታ ሪካ ደቡብ ጫፍ ላይ፣ ከፓናማ ድንበር ብዙም ሳትርቅ፣ ጎልፎ ዱልሴ የሚሉት ባሕረ ሰላጤ አፍ ላይ ናት። ከዋና ከተማው ከሳን ሆሴ በመኪና ቀኑን ሙሉ ያስኬዳል። ወደ መጨረሻው አስፋልቱ ያልቅና ኮረኮንች ይሆናል። ሰርፍ የሚሉትን፣ ጣውላ ላይ ቆሞ ሞገድ የመጋለብ ጨዋታ የሚጫወቱ ሰዎች ከዓለም ዳርቻ እዚህ ድረስ የሚመጡት ለአንድ ሞገድ ብለው ነው። ሞገዱ ከወንዙ አፍ ይነሳና ወደ ግራ እየተጠቀለለ ይሄዳል። ጥሩ ቀን ከሆነ አንድ ሰው ጣውላው ላይ ቆሞ ወደ አንድ ኪሎ ሜትር ሊጓዝ ይችላል። ሞገዱ ደግሞ የሚወለደው እዚያ አይደለም። ከምድር ወገብ ወዲያ፣ ደቡብ ፓስፊክ ላይ ማዕበል ሲነሳ ውሃው ብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ተጉዞ እዚህ ይደርሳል። ይህን ሲነግሩኝ ለረጅም ጊዜ ባሕሩን ዝም ብዬ አየሁት።

መጀመሪያ የሄድኩት በፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ ላይ ነበር። ያኔ በጋ ነው። ባሕሩ ረጋ ያለ፣ መንደሩም ጭር ያለ ነበር። ጠዋት ጠዋት ዓሣ አጥማጆቹ ትንንሽ ጀልባቸውን ወደ ዳር ይጎትታሉ። ፓርጎ የሚሉትን ቀይ ዓሣ እዚያው አሸዋው ላይ ይሸጣሉ። ከራሳችን በላይ ትልልቅ ቀይ በቀቀኖች ሁለት ሁለት ሆነው እየጮኹ ያልፋሉ። ቤቱን ያኔ አየሁት፤ ወደድኩት። በረንዳው ላይ አንቺን ተቀምጠሽ አየሁሽ። ደላላው "ቶሎ ቀብድ ክፈይ፣ ሌላ ሰው እየጠበቀ ነው" አለኝ።

ያኔ የአንቺ ነገር ትዝ አለኝ። "ቀብድ ከመክፈልሽ በፊት ጎረቤት ጠይቂ" ትይኝ ነበር። ጠየቅሁ። አንድ መረብ የሚጠግኑ ሽማግሌ "ዝናብ ሲመጣ ተመልሰሽ እዪው" አሉኝ። ሌላ ምንም አላሉም።

ኦክቶበር ላይ ተመለስኩ። እዚያ ዝናቡ የሚገባው ሜይ ላይ ነው፤ ኦክቶበር ላይ ይብሳል። ትልልቆቹ ሞገዶችም የሚመጡት በዚሁ ወቅት ነው። ወንዙ ሞልቶ መንገዱን ስለዘጋው ግማሽ ቀን መኪና ውስጥ ጠበቅን። ቤቱ ስደርስ ግድግዳው ሻግቷል። ውሃው በበጋ ወንበር አውጥቼ የተቀመጥኩበት ቦታ ድረስ መጥቷል። ሽማግሌው አይተውኝ ራሳቸውን ነቀነቁ እንጂ "ብዬሽ ነበር" አላሉኝም። ለዚህ አከበርኳቸው።

ከውሃው የባሰው ግን ወረቀቱ ነው። እማዬ፣ ይህንን በደንብ አንብቢው። በኮስታ ሪካ በፈረንጆቹ ከ1977 ጀምሮ የባሕር ዳርን መሬት የሚመለከት ሕግ አለ። ባሕሩ ሲሞላ ከሚደርስበት መስመር ጀምሮ 200 ሜትር ይለካል። የመጀመሪያው 50 ሜትር የሕዝብ ነው፤ ማንም አይሸጠውም፣ ማንም አያጥረውም። የቀረው 150 ሜትር አይሸጥም፤ ከማዘጋጃ ቤት በኪራይ መልክ፣ ለተወሰኑ ዓመታት ብቻ ነው የሚሰጠው። የውጭ ሰው ደግሞ አገሩ ውስጥ 5 ዓመት ካልኖረ ይህን ፈቃድ አያገኝም። ያ ቤት ያለው እዚሁ ክልል ውስጥ ነው። ደላላው "ሽያጭ" ሲለኝ የነበረው ነገር ሽያጭ አልነበረም።

ይህን ስነግረው መላ አመጣልኝ። ድርጅት እናቋቁም፣ አብዛኛው አክሲዮን በአገሬው ሰው ስም ይሁን አለኝ። ገንዘቡ የእኔ፣ ስሙ የማላውቀው ሰው! እንዲህ የሚያደርጉ አሉ። እኔ ግን በዚህ እንቅልፍ አይወስደኝም። አንቺንም አይወስድሽም።

እዚያ አካባቢ ሰዎች ስለ መሬት ሲያወሩ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። በፈረንጆቹ በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ባለቤት አጠገቡ በሌለው መሬት ላይ ሰው እየሰፈረ ብዙ ጠብ ነበር። በ1997 አንድ ባለመሬትና ከሰፈሩት ሰዎች አንዱ በተኩስ ሞተዋል። አሁን ሰላም ነው፣ አትፍሪ። ይህን የምነግርሽ ገዝቶ ዘግቶ መሄድ እንደማያዋጣ እንድታውቂልኝ ነው። በዓመት ቢያንስ ግማሹን እዚያ የማልኖር ከሆነ ባልገዛ ይሻለኛል።

አሁን ወደ ደስ የሚለው ልምጣ። ከባሕሩ ወደ ላይ፣ ከ200 ሜትሩ መስመር በደንብ ርቆ፣ ኮረብታው ላይ ትንሽ የእንጨት ቤት አገኘሁ። እንዲህ ያለውን መሬት የውጭ ሰውም እንደ አገሬው በስሙ መያዝ ይችላል። ጠበቃዬ በብሔራዊ መዝገቡ ላይ በቁጥሩ ፈልጋ አየችው። ዕዳም እገዳም የለበትም። የመንደሩ የውሃ ማኅበርም ውሃ እንደሚሰጥ በደብዳቤ አረጋግጧል፤ ያለዚያ ደብዳቤ የግንባታ ፈቃድ አይገኝም። ስም ሲዛወር ከዋጋው 1.5 በመቶ ይከፈላል፣ ከዚያ በየዓመቱ የንብረት ግብር 0.25 በመቶ ነው። አጥሩና ካርታው ግን ትንሽ አልገጠሙም። ስለዚህ ቀያሹ መጥቶ ሻጩም ጎረቤቱም ቆመው ወሰኑን ካላዩ አልፈርምም ብያለሁ። ሻጩ አልተቆጡም። "ልክ ነሽ" አሉኝ፤ ያኔ ልቤ አረፈ።

ይህንንም ቤት ያየሁት በዝናብ ነው። ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ መነጋገር አይቻልም፤ ጣሪያው ግን አያፈስም። ከባሕሩ በእግር ሃያ ደቂቃ ይርቃል። ሌሊት ዝናቡ ሲያባራ የሞገዱ ድምፅ ይሰማል።

በፎቶ ያየሽውን አይነት በረንዳ የለውም። እሱ እኔንም ቅር ይለኛል። ግን መግቢያው ላይ አንድም ደረጃ የለም፤ ጉልበትሽን አስቤ መጀመሪያ ያየሁት እሱን ነው። ጃንዋሪ ላይ እወስድሻለሁ። ያኔ መንገዱ ይደርቃል፣ ባሕሩም ይረጋል። ሽማግሌውን አስተዋውቅሻለሁ። ቋንቋ ባትግባቡም መረቡን ሲጠግኑ አጠገባቸው መቀመጥ ትወጃለሽ።

መኝታ ቤቶቹ ሁለት ናቸው። አንዱ የጠዋት ፀሐይ ያገኛል፣ ከዛፍ በቀር ግን ምንም አይታይበትም። ሌላው ትንሽ ጠበብ ይላል፣ ከመስኮቱ ግን ባሕሩ ይታያል። የትኛው ይሁንልሽ? ቀለም ከማስቀባቴ በፊት ንገሪኝ።

ልጅሽ