ለተከራይ የሚቀርብ ጥያቄ

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ዕጣ የደረሰኝን ባለ ሁለት መኝታ ቤት የማከራይ ጡረተኛ ነኝ። ባለፈው ሳምንት በዚያው ብሎክ ቤት ያላት አንዲት አከራይ፣ ደላላ ያመጣላትን ባልና ሚስት ስታነጋግር አብሬ ነበርሁ። አገራቸው የት እንደሆነ፣ ሃይማኖታቸው ምን እንደሆነ፣ በቅርቡ ልጅ ለመውለድ አስበው እንደሆነ ሁሉ ጠየቀቻቸው፤ በቤቱ ስንት ሰው እንደሚኖርና ኪራዩ ከምን ገቢ እንደሚከፈል ግን አላነሳችም።

በእርሷ ልፈርድ አልችልም። ከጥቂት ዓመታት በፊት እኔም የሦስት ልጆች እናት የሆነችን ሴት «ግድግዳ ያበላሹብኛል» ብዬ መልሼ፣ ደላላው «ወንደላጤ ነው፣ ለመኝታ ብቻ ነው የሚመጣው» ላለኝ ጎልማሳ ቤቱን ሰጠሁት። ሰውየው ለመኝታም አልመጣም፤ ቤቱን የጫማ መጋዘን አድርጎት ኖሮ፣ ሌሊት በደረጃው ካርቶን ሲጎተት እንቅልፍ ያጡ ጎረቤቶች ደውለው ነገሩኝ። ማግባት አለማግባቱን ጠይቄው ነበር፤ ቤቱን ለምን እንደሚፈልገው ግን አልጠየቅሁትም።

የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ከወጣ ወዲህ እንዲህ ያለው ስሕተት ዋጋው ከፍ ብሏል። ቀድሞ ያልተስማማንን ተከራይ በአንድ ወር ማስጠንቀቂያ እናስወጣ ነበር (ደግ አሠራር ነበር አልልም)። አሁን ግን ውሉ በጽሑፍ ሆኖ፣ ከሁለት ዓመት ላላነሰ ጊዜ ተደርጎ በ30 ቀናት ውስጥ መመዝገብ ስላለበት፣ ቅድሚያ ክፍያውም ከሁለት ወር ኪራይ ስለማይበልጥ፣ የዓመት ገንዘብ አስቀድሞ ተቀብሎ ሥጋትን ማስታገስ አይቻልም። የቀረን ከመፈራረም በፊት የምናደርገው ንግግር ብቻ ነው።

ስለ ሰውየው ትውልድ ሳይሆን ስለ ቤቱ እንጠይቅ። ስንት ሆነው ይገባሉ? ሥራቸው የት ነው፣ ማስረጃስ አላቸው? ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት አራተኛ ፎቅ ጀሪካን የሚያወጣ ሰው አላቸው? እንጀራ የሚጋግሩት ቤት ውስጥ ነው ወይስ በብሎኩ የጋራ ማድ ቤት? ከሁሉም አብልጬ የምይዘው ግን የቀድሞውን ቤት ለምን እንደሚለቁ የሚጠየቀውን ነው፤ መልሱንም ከአከራያቸው ማጣራት ተገቢ ነው። ሆኖም አሁን ያሉበት አከራይ ሊገላገለው የፈለገውን ሰው አመስግኖ ሊልክልን ስለሚችል፣ ከእርሱ በፊት የነበረውን መጠየቅ ይበልጥ ያስተማምናል። ተከራዩም በፈንታው ስለ ቆጣሪው፣ ስለ ጥበቃ መዋጮውና ስለ ፍሳሹ ቢጠይቀን እንደ ድፍረት ልንቆጥርበት አይገባም።

ያለፈው ሳምንት ባልና ሚስት ቤቱን ሳይከራዩ ሄዱ። ደረጃውን ሲወርዱ ባልየው ከመሥሪያ ቤቱ ያመጣውን የደመወዝ ማረጋገጫ ደብዳቤ በእጁ ይዞ ነበር፤ አሳየን ያለው ሰው አልነበረም።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አከራይ፣ ከአዲስ አበባ