ሥራዬን ሳልለቅ ሕክምናዬ እንዲቀጥል ላደረጋችሁ ሁሉ

ከሁሉ አስቀድሞ እግዚአብሔር ይመስገን። ሥራ በመያዜ ሜዲኬድ የተባለው፣ መንግሥት አነስተኛ ገቢ ላላቸውና ለአካል ጉዳተኞች የሚሰጠው የጤና ሽፋን እንደሚቋረጥብኝ የሚገልጽ ደብዳቤ ከደረሰኝ ዕለት ጀምሮ ከጎኔ ላልተለያችሁ ወዳጆቼ፣ ይግባኜ ተቀባይነት አግኝቶ የጤና ሽፋኔ መቀጠሉን በታላቅ ደስታ እገልጻለሁ።

ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁት፣ በአከርካሪዬ ላይ ከደረሰው ጉዳት ወዲህ የምንቀሳቀሰው በዊልቸር ነው። ጠዋት ከአልጋ አንስታ፣ አጥባና አልብሳ ለሥራ የምታደርሰኝ ረዳቴ የሚከፈላት በሜዲኬድ ነው፤ የሽንት ቱቦዬም፣ ገላዬ እንዳይቆስል የምተኛበት ልዩ ፍራሽም የሚገኙት በዚሁ ነው። የመሥሪያ ቤቴ ኢንሹራንስ የቤት ውስጥ እንክብካቤን ስለማይሸፍን፣ ሜዲኬዱ ከቀረ ሥራውም መቅረቱ አይቀሬ ነበር። «ሥራ ከያዝሽ ሁሉንም ይወስዱብሻል» እየተባሉ፣ መሥራት እየቻሉ ቤት የዋሉ ወገኖቻችን ጥቂት አይደሉም።

ለጥቅማጥቅም አማካሪዬ ያለኝ ምስጋና ከፍ ያለ ነው። ደብዳቤው የተጻፈው የኤስኤስአይ (መንግሥት ገቢና ንብረታቸው አነስተኛ ለሆነ አካል ጉዳተኞች በየወሩ የሚሰጠው ድጎማ) ክፍያዬ መቆሙን ብቻ በመመልከት መሆኑን የተረዳችው እርስዋ ናት። የሶሻል ሴኩሪቲ ሕግ አንቀጽ 1619 ቢ፣ ደመወዙ በማደጉ የኤስኤስአይ ገንዘብ የቆመበት ሰው የአካል ጉዳቱ እስካለ፣ ለመሥራት ሜዲኬድ የሚያስፈልገው እስከሆነና ገቢው ለስቴቱ ከተወሰነው ጣሪያ እስካላለፈ ድረስ ሽፋኑ እንዲቀጥል ያዛል። ሰውየው ሊኖረው የሚፈቀደው የገንዘብና የንብረት ወሰን ግን አሁንም መጠበቅ አለበት፤ ለአንድ ሰው 2,000 ዶላር የሆነው ይህ መጠን እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ ከፍ አለማለቱ፣ ሠርቶ ጥቂት ለመቆጠብ ለሚፈልግ ሰው እጅግ ከባድ ነው። ይግባኙን ደብዳቤው ላይ ከተጻፈው የማቋረጫ ቀን በፊት እንድናስገባ ስላጣደፈችን፣ ጉዳዩ እስኪታይ ድረስ ሕክምናዬ አልተስተጓጎለም።

የደመወዝ ወረቀቶቼን በየወሩ ለይታችሁ ላዘጋጃችሁልኝ የሥራ ባልደረቦቼ፣ በስልክ ላስተረጎማችሁልኝ ወንድሞች፣ በጸሎት ላሰባችሁኝ አባቶችና እናቶች ውለታችሁን እግዚአብሔር ይክፈልልኝ። አንቺም ረዳቴና እኅቴ፣ የምትከፈዪበት መንገድ ገና ባልታወቀበት በዚያ ሰሞን እንኳ በማለዳ በሬን አንኳኩተሽ «እንደምን አደርሽ?» ማለትሽን አላቋረጥሽም፤ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።

እንዲህ ያለ ደብዳቤ የደረሰው ወገን ካለ፣ ሥራውን ከመልቀቁ በፊት ያነጋግረኝ፤ አብሬው ተቀምጬ አነብለታለሁ፣ ከአማካሪዬም ጋር አገናኘዋለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
እኅታችሁ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ