የጨረር ሕክምና ላይ ላሉ እናቶች ማረፊያ ቤት እንከራይ

ጤና ይስጥልን፣ የሰፈራችን ሰዎች!

ጥቁር አንበሳ በር ላይ የምርመራ ወረቀቷን በፌስታል ይዛ «ርካሽ አልጋ የት አገኛለሁ?» የምትል እናት ያላጋጠመችው ጎረቤት ያለ አይመስለንም። አብዛኞቹ ሪፈር ተጽፎላቸው ከክፍለ ሀገር የመጡ ናቸው።

ከነሱ መሀል የሴት ብልት ካንሰር ያለባቸው ይገኙበታል። በሽታው እንደ ማህፀን በር ካንሰር በብዛት አይታይም፤ ስሙንም ደፍሮ የሚጠራው የለም። ካረጡ በኋላ ደም መታየት፣ ከግንኙነት በኋላ መድማት፣ ያልተለመደ ፈሳሽ፣ ሲሸኑ ማመም፦ ይህን ለእህቷ እንኳ የማትናገር ብዙ ናት። ስለዚህ ሲብስባት ትመጣለች። ሐኪሙ በኮልፖስኮፕ አጉልቶ አይቶ ናሙና ይወስዳል፤ ካንሰር መሆኑ የሚረጋገጠው ናሙናው በላቦራቶሪ ሲመረመር (በፓቶሎጂ) ነው። ገና ትንሽ ሳለ ከተደረሰበት በቀዶ ሕክምና ሊወጣ ይችላል። ለብዙዎቹ ግን ዋናው ሕክምና ጨረር ነው፤ ብዙ ጊዜም ከኬሞ (ከካንሰር መድኃኒት) ጋር።

ጨረሩ ደግሞ ባንድ ቀን አያልቅም። በሳምንት 5 ቀን፣ ለ5 ሳምንት ገደማ መመላለስ አለ። ከዚያም ብዙዎቹ ከውስጥ የሚሰጠው ጨረር ይቀጥልላቸዋል። መሀል ላይ ከተቋረጠ ካንሰሩ መልሶ የማገርሸት ዕድል ያገኛል። በአልጋ ኪራይ እጦት ሕክምናዋን ጥላ ወደ አገሯ የምትመለስ እናት መኖር የለባትም። እኛ እዚሁ እያለን!

የሴቶች እድራችን ከሆስፒታሉ በእግር የሚደረስ ቤት ሊከራይ ወስኗል። ሽንት ቤቱ የግድ እቤት ውስጥ መሆን አለበት፤ በዚህ አንደራደርም። ጨረሩ ፊኛንና አንጀትን ያስቆጣል፣ ተቅማጥ ያስከትላል፣ ሌሊት ደጋግሞ ያስነሳል። የታመመች ሴት በጨለማ ግቢ አቋርጣ የጋራ ሽንት ቤት ወረፋ መጠበቅ የለባትም። ውሃ በፈረቃ ስለሆነ ሮቶም ያስፈልገናል።

በነገራችን ላይ፣ አብዛኛው የብልት ካንሰር በግብረ ሥጋ ግንኙነት ከሚተላለፈው ኤችፒቪ ቫይረስ ጋር የተያያዘ ነው። ሴት ልጅ ያላችሁ ክትባቱ እንዳያመልጣት አደራ።

የቻለ የቤት ኪራይ ያግዝ። ፍራሽ፣ አንሶላ፣ ብርድ ልብስ፣ የአጥሚት እህል ያለው ያምጣ። ተራ ገብታ ምግብ የምታበስል ካለችም ትመዝገብ። ገንዘብ የምንቀበለው በእድሩ የባንክ ሒሳብ ብቻ ነው፤ ቁጥሩን ከገንዘብ ያዧ ውሰዱ፣ ደረሰኝም ተቀበሉ። ገቢና ወጪው በየወሩ በእድሩ ስብሰባ ላይ ይነበባል።