ለቅዳሜው የሙዚየም ሥራ ማን ይመጣል?

ሰላም ወገኖች። ደሴ ላይ ለምናሰናዳት ትንሽ የድሮ መገናኛ ዕቃዎች ሙዚየም ቅዳሜ ስድስት በጎ ፈቃደኞች እንፈልጋለን። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ፒያሳ ተገናኝተን አብረን እንሄዳለን። 7 ሰዓት ላይ እንጨርሳለን።

ሥራው አቧራ ማራገፍና ዕቃ መመዝገብ ነው። ለስላሳ ብሩሽ፣ ደረቅ ጨርቅና እስክሪብቶ ያዙ። እርጥብ ጨርቅ ግን አደራ! ባለፈው እኔው ራሴ አንዱን ሬዲዮ በእርጥብ ስወለውል የጣቢያዎቹ ስም ከመስታወቱ ተነሥቶ ጨርቄ ላይ ቀረ። እስካሁን ያንገበግበኛል። የድሮ ሬዲዮዎቹንም ማንም ሶኬት ላይ እንዳይሰካ፤ ውስጣቸው ያለው ኮንደንሰር (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው ክፍል) አርጅቷል፣ ሊፈነዳ ይችላል።

አንድ ጨዋታ አዋቂ አስጎብኚም ያስፈልገናል። ልጆቹ የሚሻሙት ባለ እጀታውን ስልክ ነው። እጀታው ሲዞር ውስጡ ያለው ማግኔት ኤሌክትሪክ ያመነጫል፣ ወዲያ ማዶ ያለው ደወል ይጮኻል። መብራት ቢጠፋም ግድ የለውም። በምኒልክ ዘመን ከአዲስ አበባ ሐረር ስለተዘረጋው የ477 ኪሎ ሜትር የስልክ መስመርም አብሮ ቢያወራላቸው ደስ ይለናል።

የምትመጡ እስከ ሐሙስ ማታ እዚሁ ጻፉልን። አስጎብኚ መሆን የሚፈልግም ለይቶ ይንገረን። ቤታችሁ የቆየ ስልክ ወይም ሬዲዮ ካለ ሳትወለውሉ ፎቶውን ላኩ። ቡናው በእኛ ነው።