እማዬ፣ ባቡሩን እንደገና እንሞክረው

እማዬ፣

እንዴት ነሽ? ጉልበትሽስ? ይሄን ነገር በስልክ ልነግርሽ ሁለት ሦስቴ ጀምሬ ትቼዋለሁ፤ ገና የመሬት ውስጥ ባቡር ስል ወሬ ትቀይሪያለሽ። ስለዚህ ልጻፍልሽ ብዬ ቁጭ አልኩ። ፊደሉን ትልቅ አድርጌዋለሁ፣ መነጽርሽን አድርገሽ ቀስ እያልሽ አንብቢው።

ያ ቀን ከአእምሮዬ አልወጣም። በሩ መሀላችን ሲዘጋ፣ አንቺ ውስጥ እኔ ውጭ፣ መስታወቱን በመዳፍሽ ስትመቺ አየሁሽ፣ ከዚያ ባቡሩ ይዞሽ ሄደ። በሚቀጥለው ባቡር ተከተልኩሽ። ቀጣዩ ጣቢያ ላይ ወርጄ ፈለግኩሽ፣ የለሽም። ከዚያ ቀጥሎ ባለውም የለሽም። ለካ አንቺ ከቆምሽበት ሳትነቃነቂ እስከ መጨረሻው ፌርማታ ሄደሻል። ሳገኝሽ አንዲት የጣቢያው ሠራተኛ አግዳሚ ላይ አስቀምጣሽ አጠገብሽ ቆማ ነበር፣ እጅሽ ይንቀጠቀጣል። "ሁለተኛ መሬት ውስጥ የምገባው ስሞት ነው" አልሽኝ። ቤት ስንደርስ ሌሎቹ ይቺን ንግግር እየደጋገሙ ሳቁ። እኔ ግን አልሳቅኩም።

ጥፋቱ የኔ ነው እማዬ። ገና ሳንገባ አንድ ነገር ልነግርሽ ይገባ ነበር። ከተለያየን፣ ባቡሩ ውስጥ ያለው ሰው ቀጣዩ ጣቢያ ላይ ወርዶ እዚያው ይቆማል። ውጭ የቀረው በሚቀጥለው ባቡር ይመጣል። ደረጃ መውጣት የለም፣ መፈላለግ የለም። ይቺን ብቻ ብነግርሽ ኖሮ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ እንገናኝ ነበር። ደግሞ በሩ ሊዘጋ ሲል ድምፅ ያሰማል። ያን ድምፅ ከሰማሽ አትሩጪ፣ ባለሽበት ቁሚ። ያን ቀን "ቶሎ በይ" ያልኩሽ እኔ ነኝ፣ ልልሽ አይገባም ነበር። የከተማ ባቡር እንደ ሩቅ አገር ባቡር አይደለም፣ አንዱ ቢያመልጥሽ ሌላው ከኋላው እየመጣ ነው።

ለምን እንዲህ ሙጭጭ እንዳልኩ ልንገርሽ። ከዚያ ቀን ወዲህ ከቤት የምትወጪው አንዳችን መኪና ይዘን ስንመጣ ብቻ ነው። ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ ያለችውን ጓደኛሽን ካየሻት ስንት ወር ሆነ? ማንንም ሳትጠይቂ ብድግ ብለሽ የምትሄጂ ሴት ነበርሽ። አሁን "ልጆቹ ሲመቻቸው" ትያለሽ። ይሄ ነገር ያመኛል።

ዋሻው ውስጥ የቆምንበትን ጊዜ ታስታውሻለሽ? እጄን ጭምቅ አድርገሽ ነበር የያዝሽው። የተበላሸ መስሎሻል። ብዙውን ጊዜ ብልሽት አይደለም። በብዙ መስመሮች ሀዲዱ በክፍል በክፍል የተከፋፈለ ነው። ከፊት ያለው ባቡር ክፍሉን ለቆ ሳይወጣ የኋላው እንዲገባ ምልክቱ አይፈቅድለትም። ስለዚህ የፊተኛው ጣቢያ ላይ ሰው ሲያወርድና ሲጭን ከቆየ፣ የኛው ዋሻ ውስጥ ቆሞ ተራውን ይጠብቃል። የሚቆመው እንዳይጋጩ ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ሲቆም ይሄን አስቢ።

ያስደነገጠሽ ነፋስም ምክንያት አለው። ዋሻው ጠባብ ስለሆነ ባቡሩ ከፊቱ ያለውን አየር እየገፋ ይመጣል። ብዙ ጊዜ የባቡሩ መብራት ሳይታይ ሻርፕሽ መውለብለብ ይጀምራል፣ ያኔ እየደረሰ ነው ማለት ነው፣ ትንሽ ወደኋላ በይ። አየር ያጥረኛል ላልሽውም ይሄው ግፊት አየሩን ያንቀሳቅሰዋል፣ ትልልቅ ማራገቢያዎችም አሉ። ለንደን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1863 የመጀመሪያው የመሬት ውስጥ ባቡር ሲከፈት የሚጎተተው በእንፋሎት ነበር። ጭሱ እንዳለ ዋሻው ውስጥ! ሰው እሱንም ተሳፍሯል። ጥልቅ ዋሻ ውስጥ በኤሌክትሪክ የሚሄደው እዚያው ለንደን በ1890 መጣ።

ዋናው ግን ዓይኔ ነው ትያለሽ፣ ጽሑፉ አይታየኝም። ብዙ የምነግርሽ ያለኝ እዚህ ላይ ነው። ምክንያቱም አንቺ ብቻ አይደለሽም፣ ጽሑፍ ለማይታየው ሰው ከልባቸው ያሰቡ ሰዎች ነበሩ፣ ስለነሱ ባነበብኩ ቁጥር አንቺ ትዝ ትይኛለሽ።

ሜክሲኮ ሲቲ የመሬት ውስጥ ባቡሯን የከፈተችው እ.ኤ.አ. በ1969 ነው። ያኔ ማንበብ የማይችል ተሳፋሪ ብዙ ነበር። ላንስ ዋይማን የሚባል ንድፍ ሠሪ ከሌሎች ጋር ሆኖ ለእያንዳንዱ ጣቢያ ሥዕል አወጣለት። ቻፑልቴፔክ የሚባለው ጣቢያ ምልክቱ ፌንጣ ነው፣ ስሙ በጥንቱ የአገሬው ቋንቋ የፌንጣ ኮረብታ ማለት ስለሆነ። ተሳፋሪው "ፌንጣው ጋ እንገናኝ" ቢል ይበቃዋል፣ ፊደል አያስፈልገውም። ሞስኮ ደግሞ በጆሮ ነው። ባቡሩ ወደ መሀል ከተማ ሲሄድ ጣቢያዎቹን የሚጠራው የወንድ ድምፅ ነው፣ ከመሀል ወደ ዳር ሲወጣ የሴት። ዓይንሽን ጨፍነሽም ቢሆን ወዴት እየሄድሽ እንደሆነ ታውቂያለሽ።

እና ያ የባቡር መጠበቂያው ጠርዝ ላይ እግርሽን ጎረበጠኝ ያልሽው ቢጫ ንጣፍ! እሱን አትጥይው። ሴይቺ ሚያኬ የሚባል ጃፓናዊ እ.ኤ.አ. በ1965 የፈጠረው ነው፣ ዓይኑ እየደከመ ለነበረ ወዳጁ ብሎ። በ1967 ኦካያማ ከተማ መንገድ ላይ ተነጠፈ፣ ከዚያ በየአገሩ ጣቢያዎች ገባ። እግርሽ ጉብጉቡን ሲነካ "ከዚህ ወዲያ ገደል ነው" እያለሽ ነው። ሁልጊዜ ከሱ ወዲህ ቁሚ።

አሁን ስለ አቅጣጫው። አንቺ የጣቢያውን ሁሉ ስም መያዝ አለብኝ ብለሽ ነው የምትጨነቂው። አያስፈልግም። የመስመሩን ቀለም እወቂ፣ ከዚያ ባቡሩ የሚያበቃበትን የመጨረሻ ጣቢያ ስም አንድ ብቻ ያዢ። ብዙ ቦታ ባቡሩ የሚጠራው በመጨረሻው ጣቢያ ነው፣ ግንባሩ ላይም እሱ ነው የሚጻፈው። ካልታየሽ አጠገብሽ ያለውን ሰው "ይሄ ወደ እገሌ ነው?" በይው። ከዚያ በጣትሽ ቁጠሪ። አምስት ፌርማታ ከሆነ፣ በቆመ ቁጥር አንድ ጣት እጠፊ። እኔ ራሴ ቁጥር እንጂ ስም ይዤ አላውቅም። ተሳስተሽ በተቃራኒው ብትሄጂም ምንም አልሆነም፣ ትወርጂና ተሻግረሽ ትመለሻለሽ።

ካርታውን ደግሞ እንደ እውነተኛ መሬት አትይው። በየከተማው የምናየው ዓይነት ካርታ አባቱ ሃሪ ቤክ ነው፣ የኤሌክትሪክ ንድፍ ይሠራ የነበረ ሰው። ለለንደን የሠራው ካርታ እ.ኤ.አ. በ1933 ታተመ። ርቀቱን ተወው፣ መስመሮቹን እንደ ሽቦ ቀጥ አደረጋቸው። ተሳፋሪው ማወቅ የሚፈልገው የት እንደሚቀይርና ስንት ፌርማታ እንደሚቀረው ነው ብሎ። ትክክል ነበር። ግን ለዚህ ነው ካርታው ላይ ሩቅ የሚመስል ጣቢያ አንዳንዴ በእግር የሚደረስ የሚሆነው። ለጉልበትሽ ግን ሊፍት ያለበትን ጣቢያ እኔ እመርጥልሻለሁ፣ ተንቀሳቃሽ ደረጃውን ካልወደድሽው ተይው።

እሁድ ጠዋት በሦስት ሰዓት እንሂድ። የሥራ ሰው ስለሌለ ባቡሩ ባዶ ነው፣ መቀመጫ ታገኛለሽ። ሦስት ፌርማታ ብቻ። እህቴ ታሳፍርሻለች፣ ከመጀመሪያው ፉርጎ ትገቢያለሽ። እኔ ቀድሜ ሄጄ ሦስተኛው ጣቢያ ላይ፣ የመጀመሪያው ፉርጎ የሚቆምበት ጋ እጠብቅሻለሁ። ከሩቅ እንድታዪኝ ቀዩን ጃኬት አደርጋለሁ። በቆመ ቁጥር አንድ ጣት እጠፊ።

ካለፍሽኝም አትደንግጪ። ቀጣዩ ላይ ውረጂና እዚያው ቁሚ። እኔ እመጣለሁ።

የሚወድሽ ልጅሽ