አንጀት ከወጣ በኋላ ስለሚታይ ደም

ውድ አባላት፣

ሰሞኑን ብዙዎቻችሁ ያነሳችሁት ጥያቄ አንድ ነው፤ «ትልቁ አንጀቴ ወጥቷል፤ ታዲያ ይህ ደም ከየት መጣ?» እኔንም ከቀዶ ሕክምናው በኋላ እንቅልፍ የነሳኝ ይኸው ነበር።

ብዙ ጊዜ ምንጩ የቀረው ክፍል ነው። ፊንጢጣው (የትልቁ አንጀት የመጨረሻ ክፍል) በቀዶ ሕክምና ሳይወጣ ቀርቶ ሰገራ በሆድ በኩል እንዲወጣ ሲደረግ፣ የፊንጢጣው ግድግዳ በሰገራ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ያዘጋጁለት የነበረውን ምግብ ያጣል። ስለዚህ ይቆጣል፤ ንፍጥና ጥቂት ደም ያወጣል። ከትንሹ አንጀት በውስጥ ሰገራ የሚይዝ ከረጢት የተሠራላችሁ ደግሞ ከረጢቱ ራሱ ሊቆጣ ይችላል። ይህ አብዛኛውን ጊዜ እንደ ሲፕሮፍሎክሳሲን ወይም ሜትሮኒዳዞል ባለ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ይታከማል፤ ሐኪም ሳያዝ ግን አትጀምሩት። በሆድ ላይ ያለው የአንጀት አፍ ሲጠረግ ጠብ የምትል ደም ብዙም አታስደንግጣችሁ፤ ከውስጥ የሚመጣ ደም ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

ለሕመም ብላችሁ አይቡፕሮፌን በራሳችሁ አትውሰዱ፤ ነገሩን ሊያባብስ ይችላል። ደሙ ከበዛ ወይም ትኩሳት፣ ማዞር፣ የልብ ምት መፍጠን ከታከለበት ቀጠሮ ሳትጠብቁ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።

የደሙን ቀለም፣ መጠንና ቀን ጻፉ። እኔ «ትንሽ ደም» ስል ሐኪሜ የተረዳው ፈጽሞ ሌላ ነበር።