ደብዳቤ ለልጄ፦ በላዩ ታልፎ የሚረሳው ገዳም

ይድረስ ባንኮክ ላለሽው ውድ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የእረፍት ቀንሽን ሁሉ በገበያ አዳራሽ አትጨርሺው። ሲያም ፓራጎንና ሴንትራልወርልድ በሚባሉት የገበያ አዳራሾች መካከል ዋት ፓቱም ዋናራም የሚባል የቡድሃ ገዳም አለ። በ1857 እ.ኤ.አ. ንጉሥ ሞንግኩት፣ ማለትም ራማ 4ኛ፣ ያስተከሉት ነው፤ ስሙም የሎተስ ደን እንደ ማለት ነው።

ሰው የሚስተው ገና ከባቡሩ ሲወርድ ነው። ከሲያም ጣቢያ ወደ ቺት ሎም በተዘረጋው የእግረኛ ድልድይ ከቀጠልሽ ጣሪያውን ከላይ አይተሽ ታልፊያለሽ። ብዙው ሰው እንዲያ ስለሚያደርግ ግቢው ጭር ይላል። ፓራጎን አጠገብ በደረጃው ወደ ራማ 1 መንገድ ውረጂና ወደ ሴንትራልወርልድ አቅጣጫ ሂጂ፤ በሩ በግራሽ ነው።

ትከሻና ጉልበት መሸፈን አለበት፤ ነጠላሽ ይበቃል። ጫማ ማውለቅ ለእኛ ሰው አዲስ አይደለም፤ ቀትር ላይ ግን ንጣፉ እግር ይፈጃል፣ ካልሲ ያዢ። የበሩን መድረክ ተሻገሪው እንጂ አትርገጪው። ስትቀመጪ እግርሽን ወደ ኋላ እጠፊ። እግርን ወደ ቡድሃ ሐውልቱ መዘርጋት እዚያ ትልቅ ነውር ነው፤ እንግዳ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚሳሳተውም በዚህ ነው።

ውስጥ ያለው ፍራ ሰርም የሚባለው ከላኦስ የመጣ የቡድሃ ሐውልት ነው። ሦስት ነበሩ ይባላል፦ ፍራ ሳይ የሚባለው ኖንግ ካይ በምትባል የታይላንድ ከተማ ቀረ፣ ፍራ ሱክ የሚባለው ደግሞ ሲሻገር ሜኮንግ ወንዝ ውስጥ ሰጠመ። ከሕንጻዎቹ ጀርባ ሰዎች ለተመስጦ የሚቀመጡበት ዛፍ የበዛበት ስፍራ አለ። ሳትቸኩዪ ቆዪበት።

መነኩሴን ሴት አትነካውም፣ ዕቃም ከእጅ ወደ እጅ አትሰጠውም። በሚዘረጋልሽ ጨርቅ ላይ አስቀምጪ። ከቀትር በኋላ እህል ስለማይቀምሱ ምግብ የምትወስጂ ከሆነ በጠዋት ይሁን። መነኩሴውን እጅ ነስተሽው አጸፋውን ባይመልስ አትቀየሚ፣ ሥርዓታቸው ነው። ሦስት ዕጣን፣ አንድ ሻማና የሎተስ እንቡጥ ይዘው የሚሰግዱትን ታያለሽ፤ አንቺ ዝም ብለሽ ብትቀመጪ ማንም ቅር አይለውም።

ለማስታወሻ ብለሽ የቡድሃ ሐውልት እንዳትገዢ። ከታይላንድ ለማውጣት የሥነ ጥበብ መምሪያቸው ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ያለዚያ ኤርፖርት ላይ ይያዝብሻል።

አባትሽ